እትዬ ማን ይባላሉ

ያን ቅዳሜ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ካለው ከጋሼ ፊሊሞን የቅመማ ቅመም ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ሦስት ሆነን አንድ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጠናል። እኔ ፋና፣ ሁዘይፋ እና ራሳቸው ጋሼ ፊሊሞን። ደስ ብሎናል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአስተማሪያችን ተደብቀን ስንጽፍና ስንሰርዝ የከረምነው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ አልቋል። የቀረን ፎርሙን ሞልቶ መላክ ብቻ ነው፤ እሱም የአምስት ደቂቃ ሥራ መስሎን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት በየዓመቱ አንድ በነጻ የሚያስተምር ሰው ይመርጥና ለአንድ ዓመት የራሱን ክፍል ይሰጠዋል። ወንበር፣ ሰሌዳ፣ ኤሲ፣ በሩ ላይ ደግሞ የአስተማሪው ስም። ይህን የነገረችን እዚያ የምትሠራው ሐሌታ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ አማርኛዋ ፈጣን፣ አንቱ የሚባል ነገር አፏ ላይ የሌለ። ማመልከቻው የሚዘጋው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልክ በአምስት ሰዓት ነው።

እኛም ክፍሉን ለጌጥ አልነበረም የፈለግነው። ጋሼ ፊሊሞን በወሩ መጨረሻ ሱቁን ዘግተው ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ቫን ናይስ ሊገቡ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከአራት እስከ አምስት ተኩል የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲሰጥባት የኖረችው ይህች የበርበሬ ጆንያ የተደረደረባት ክፍልም አብራ ትዘጋለች። ያልጠየቅነው ቦታ የለም። ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሹን ቅዳሜ ለመዘምራን ልምምድ ይፈልገዋል፤ ምግብ ቤቶቹ ቅዳሜ አንድ ወንበር አይተርፋቸውም። ይህ ካልተሳካ ትምህርቱ ቆመ ማለት ነው፤ ትምህርቱ ከቆመ ደግሞ እትዬ ብቻቸውን ቤታቸው ሊቀመጡ ነው። እሱን ማሰብ አልችልም ነበር።

እትዬ አስተማሪያችን ናቸው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ለኮማ ሲሉ ከማንም ጋር የሚጣሉ ሴት። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው የምንከባከብ ሠራተኛ ነኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ለአለቃዬ በጻፍኩት የመጀመሪያ ኢሜይል ሱዛን የምትባለውን ሴትዮ «ሚስተር ሱዛን» ብዬ ጠርቻት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሲስቅብኝ ሰንብቷል። ዛሬ እኔ የምጽፈውን ሪፖርት ሌሎቹ እያዩ ይገለብጣሉ። ይህ የእትዬ ሥራ ነው፤ ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ።

የሚያስተምሩበት መንገድም የራሳቸው ነው። በሩ አጠገብ ምስማር ላይ በሲባጎ የታሰረ ደብተር አለ። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ቦታ፣ ባንክ ቤት፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት የገጠመንን የእንግሊዝኛ ጥያቄ እዚያ ላይ እንጽፋለን። ቅዳሜ እሳቸው መጀመሪያ ስማችንን ከነአባታችን ይጠራሉ፣ እኛ «ፕረዘንት» እንላለን፣ ከዚያ ደብተሩን ከፍተው መመለስ ይጀምራሉ። ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ የለም። ሁለተኛው፣ ተነሥቶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ራሱን አስተዋውቆ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ለጠየቃቸው ሰው መልስ አይከለክሉም። ሁዘይፋ ገና አዲስ ሳለ ተነሥቶ ጸጉራቸውን ቀለም ይቀቡ እንደሆነ ጠይቋቸው፣ «አዎ፣ ጸጉሬን ቀለም እቀባለሁ» ብለው በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሰውለታል። እኔ ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

እናም ፎርሙን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ የአስተማሪው ሙሉ ስም፣ መታወቂያ ላይ እንዳለው፣ ይላል። ጣቶቼ እንደተዘረጉ ቀሩ።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «የእትዬ ስም ማን ነው?»

ጋሼ ፊሊሞን ሳቁ። «ምን ማለትሽ ነው? እትዬ ናቸዋ።»

«ስማቸውን ነው ያልኩዎት።»

ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። ሁዘይፋን አየሁት፤ ሁዘይፋ ጣሪያውን አየ። ስልኮቻችንን አወጣን። የእኔ ላይ «እትዬ» ይላል። የጋሼ ፊሊሞን ላይ «እትዬ የቅዳሜ» ይላል። የሁዘይፋ ላይ ደግሞ «እትዬ ኮማ»። ሊደብቀው ሲሞክር ነው ያየሁበት።

ታላቅ ሰው በስሙ አይጠራም። እንደዚያ ነው ያደግነው፣ እኔም ኮርቼበት ነው የኖርኩት። ዘጠኝ ዓመት እትዬ፣ እትዬ ስል ማክበሬ ነበር። ያን ሰዓት ግን ሌላው ነገር ታየኝ። ሴትዮዋ የልጆቼን ስም ያውቃሉ፣ የአባቴን ስም ያውቃሉ፣ የማስታምማቸውን አሮጊት አሜሪካዊት ስም እንኳ ያውቃሉ። እኔ የእሳቸውን አላውቅም። በጣም አፈርኩ፤ ሳፍር ደግሞ እናደዳለሁ።

ሐሌታ ጋ ደወልኩና ስልኩን ስፒከር አደረግኩት።

«ያለ ስም መላክ ይቻላል?» አልኳት።

«ኖ፣ ኖ። ቁልፉን የሚሰጧት አይዲዋን አይተው ነው። ማች ካላደረገ ሪጀክት ይሆናል። ሶ፣ ጠይቋታ።»

ጠይቋት አለች። እትዬን፣ ጠይቋት።

«እንዴት ተብሎ ነው የሚጠየቀው?» አልኩ። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ለመሆኑ ማን ይባላሉ ልበላቸው? ሰርፕራይዙስ?»

«ኦኬ፣ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ሌላ ፕሮብለም አለ። ሼር ያደረጋችሁልኝን ደብዳቤ አነበብኩት፤ ቆንጆ ነው። ግን ስንት ቲቸር ነው የምትጠቁሙት?»

«አንድ ናቸዋ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ከላይ እስከ ታች ዘይ፣ ዘይ የምትሉት? ዘይ ቲች አስ። ዘይ ሊቭ ኢን ኮሪያታውን። እኔ አምስት ሴቶች አንድ አፓርትመንት ሼር አድርገው የሚኖሩ ነው የመሰለኝ። ወይስ እትዬ ራሷ ዘይ ተብላ መጠራት ነው የምትፈልገው?»

ደብዳቤውን የጻፈው ሁዘይፋ ነው። ኤርፖርት የሚመላለስ ቫን ይነዳል፣ ቀይ መብራት ላይ ግሥ ያጠናል፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ኮስተር ብሎ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

«እሳቸው ለማለት ነው፣» አላት። «እሳቸው የሚነገረው በብዙ ነው። ሺ ማለት እሷ ማለት ነው። እኔ እትዬን እሷ ብዬ ወረቀት ላይ አልጽፍም።»

«ኢንግሊሽ ውስጥ እሳቸው የለም እኮ።»

«የእነሱ ጉዳይ ነው፣» አለ ሁዘይፋ።

በመጨረሻ ተስማማን። ሁዘይፋ አያይም፤ ሐሌታ ከራሷ ኮምፒዩተር ሁሉንም ሺ ታደርገዋለች፤ ኃጢአቱም የእሷ ይሆናል። ሐሌታ እየሳቀች ዘጋችው። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሰዓቱ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ጋሼ ፊሊሞን ቤተ ክርስቲያን ደወሉ። የአባላቱን መዝገብ የምትይዘው ዶርካስ ናት፤ ሥርዓት የምትወድ፣ የሁሉንም የልደት ቀን በቃሏ የምታውቅ ሴት። «ይቆዩኝ፣ አሁን አገኝልዎታለሁ፣» አለች በኩራት። ገጽ ስትገልጥ ይሰማናል። «አገኘሁት። እትዬ፣ ኮሪያታውን፣ ስልክ ቁጥር።»

«ስማቸውስ?» አሉ ጋሼ ፊሊሞን።

«እሱ ነው የተጻፈው። እትዬ።» መዝገቡን ስትዘጋው ተሰማን። ቆይታ፣ «የሠርጌን ጥሪ እንግሊዝኛውን የጻፉልኝ እሳቸው ናቸው፣» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት መቶ ፖስታ ላይ የሰዉን ስም ሁሉ አስተካክለው። የራሳቸውን ጥሪ ‹ለእትዬ› ብዬ ነው የሰጠኋቸው።»

ይህን ስሰማ ቁጭ ብሎ ማፈሩ እንደማይበቃ ገባኝ። ተነሣሁ። «ቤታቸው እንሂድ፣» አልኩ ሁዘይፋን። «የፖስታ ሳጥናቸው ላይ ስም ሳይኖር አይቀርም።» ሁዘይፋ በየሳምንቱ ከትምህርት በኋላ የሚያደርሳቸው እሱ ስለሆነ ሕንጻውን ያውቀዋል። ጋሼ ፊሊሞን ኮምፒዩተሩን ይዘው ይጠብቁናል፤ ስሙን ስንደውልላቸው ይሞላሉ፣ ይልካሉ፣ አለቀ።

የኦሎምፒክን ጎዳና ይዘን ወደ ምሥራቅ በረርን፤ መብረር ካሉት። ቅዳሜ ነው፣ መኪናው እግር በእግር ነው። ሁዘይፋ መሪውን በጣቱ ይመታል፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሳላስበው መሳቅ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ የአስተማሪዬን ስም ልሰርቅ በቫን እየሄድኩ ነው። ሁዘይፋም ሳቀ። ኮሪያታውን ስንደርስ ሁለታችንም እንባችንን እንጠርግ ነበር።

ፓርኪንግ የለም። ሁዘይፋ አንድ ጋራዥ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ቀረ፣ እኔ ዘልዬ ወረድኩ። በሩ ላይ የደወሉ ዝርዝር አለ። የኮሪያ ስም፣ የሜክሲኮ ስም፣ የአርመን ስም፤ ጣቴን እያወረድኩ ሄድኩ። ሦስት መቶ አራት። መክብብ።

 ሮጬ ተመልሼ ቫኑ ውስጥ ገባሁ። «መክብብ ይላል፣» አልኩ እያለከለክሁ። ሁዘይፋ ወዲያው ስልኩን አንሥቶ ለጋሼ ፊሊሞን መጻፍ ጀመረ፤ እኔ ደግሞ የተናገርኩት ነገር ለራሴ ጆሮ ደረሰና ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት።

«ቆይ። ጋሽ መክብብ ባለቤታቸው ነበሩ እኮ። የቀበርናቸው ስድስት ዓመት ሆነ።»

«ሚስስ መክብብ ይሆኑ ይሆናላ።»

«አንተ ደግሞ። የኛ ሴት በባሏ ስም የምትጠራው ከመቼ ወዲህ ነው? አባት አላቸው። የአባታቸው ስም አላቸው። የራሳቸው ስም አላቸው።» ሳላውቀው ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ውሻ የያዘ ሰውዬ ዞሮ አየኝ። ስድስት ዓመት የባላቸውን ስም ከበሩ ላይ አለማውረዳቸውን ሳስብ ደግሞ ንዴቴ በረደ።

ያኔ በሩ ተከፈተና እትዬ ወጡ።

ጥቁር ቦርሳቸውን ይዘዋል፣ መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ነው። ሁልጊዜ በሦስት ሰዓት ነው አውቶቡስ የሚይዙት፤ ሰዓቱን ረስተነዋል። ሁለታችንም ወንበር ሥር ጎንበስ አልን። ሁዘይፋ ትልቅ ሰውነት አለው፤ ጎንበስ ቢልም አልተደበቀም። እትዬ ቀጥ ብለው መጥተው መስኮቱን በጣታቸው አንኳኩት።

«ልትወስዱኝ መጣችሁ?» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ምነው ደወል አልደወላችሁም፣ ልጆቼ?»

«አሁን ልንደውል ነበር፣ እትዬ፣» አልኩ ከወንበሩ ሥር ቀና እያልኩ።

እንዲህ ሆኖ የስሙ ባለቤት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እኛ ፊት ተቀምጠን፣ ወደ ፌርፋክስ ተመለስን። ጥያቄው ምላሴ ላይ ነው። ዞር ብዬ «እትዬ፣ ስምዎ ማን ነው» ብል በቃ፣ ያልቃል። አፌን እከፍታለሁ፤ ምላሴ ይተሳሰራል። እናቴ ከመቃብር ተነሥታ የምትቆነጥጠኝ እየመሰለኝ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ሁዘይፋ ቀደመኝ። «እትዬ፣» አለ በመስታወቱ እያያቸው፣ «አንድ ጎረቤት አለኝ። ደብዳቤ ይጽፋል።»

«መልካም ጎረቤት ነው፣» አሉ።

«ሃይ ካለ በኋላ የሰውየውን ስም ሲጽፍ መሃል ኮማ ያስገባል?»

እትዬ ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ጥያቄ ሲመጣላቸው ዕድሜያቸው ይቀንሳል። «ሃይ ካለ ያስገባል፤ ሰላምታው ሌላ፣ የሚጠራው ሰው ሌላ ነው። ዲር ካለ ግን አይለያቸው፤ ኮማውን ከስሙ በኋላ ያድርገው። ሌላስ?»

«ፋና ኤንድ ሚ ነው የሚባለው፣ ፋና ኤንድ አይ?»

«ጎረቤትህ ፋናን ያውቃታል?» አሉ። ሁዘይፋ አሳለው። «ፋናን ያውጣትና ብቻውን ይሞክረው። የቀረው ቃል ጆሮውን ካልኮሰኮሰው ትክክል ነው።»

እሱን እያየሁ እኔም ደፈርኩ። «እትዬ፣ ታላቅ ሴትን ሺ ብሎ መጻፍ ነውር የለውም? ጎረቤቱ ዘይ ይሻላል ይላል።»

እትዬ ሳቁ፤ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። «በእንግሊዝኛ ንግሥትም ሺ ናት፣ ልጄ። አትቀየመውም። አክብሮቱን ሌላ ቦታ ያስቀምጠው።»

«የት?»

«ስሟ ላይ። ስሟን ሙሉውን፣ አንድ ፊደል ሳይገድፍ ይጻፍላት። ከዚያ በላይ አክብሮት የለም።»

ሁዘይፋ በመስታወቱ አየኝ፣ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ እስከ ፌርፋክስ ማናችንም ጎረቤት አልነበረንም።

ልክ አራት ሰዓት ላይ ትምህርት ተጀመረ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ነን። ኮምፒዩተሩ ጥግ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል፤ ጋሼ ፊሊሞን ከደጅ እየተመላለሱ በበሩ አንገታቸውን ያስገባሉ፣ በቅንድባቸው ይጠይቁኛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። እትዬ ስም ጠሩ። አሥራ ሁለት ስም፣ ከነአባቱ፣ አንዱንም ሳያዛንፉ። እያንዳንዱን ሲጠሩ ቀና ብለው ሰውየውን ያያሉ። እኔም «ፕረዘንት» አልኩ፤ ድምፄ ልክ አልነበረም።

ደብተሩን ከፈቱ። አንዱ ለልጁ አስተማሪ «ሚስ» ይበል «ሚዝ» አያውቅም። አንዷ የአለቃዋን ቤተሰብ በአንድ ካርድ እንዴት ሰላም እንደምትል ጠይቃለች። እትዬ ይመልሳሉ፣ ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ጠመኔው ይንጫጫል። ሰዓቱ አራት ተኩል ሆነ። ስልኬ ተንቀጠቀጠ፤ የሐሌታ መልእክት ነው። «ሄሎ? ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ቀርቷችኋል።» አራት ከአርባ። «ፋና?» አራት ከአርባ አምስት።

ሰሌዳውን አየሁ። ከላይ በኩል፣ ማንም እንዳይደመስሰው በሳጥን ተከቦ፣ ሁልጊዜም ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚማረው እሱን ነው። እኔም የተማርኩት እሱን ነው፤ ከጎኔ ከተቀመጠችው ሴት ጋር እየተያየን፣ እየተሽኮረመምን፣ አሥር ጊዜ ተለማምደነዋል። ዋት ኢዝ ዩር ኔም። አሥራ አራት ዓመት በዚህች ክፍል ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ጠይቋል። እሳቸውን የጠየቀ የለም።

ተነሣሁ። ወንበሬ ወደ ኋላ ወደቀ።

እትዬ ጠመኔውን እንደያዙ ዞሩ።  ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም።

«ዋት ኢዝ ዩር ኔም?» አልኳቸው።

አንዷ ተማሪ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁዘይፋ ዓይኑን ጨፈነ። እትዬ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ሰላምታሽስ?» አሉ በእንግሊዝኛ። «ራስሽንስ አታስተዋውቂም?»

ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ጉድ አፍተርኑን፣ እትዬ። ማይ ኔም ኢዝ ፋና ተፈሪ። ዋት ኢዝ ዩር ኔም?»

ጠመኔውን አስቀመጡ። እጃቸውን በመሃረባቸው ጠረጉ። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ እኛን ቁሙ እንደሚሉን።

«ጉድ አፍተርኑን፣ ፋና። ማይ ኔም ኢዝ ሰርክአዲስ ነጋሽ።»

ከዚያም ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብለው እያነበቡ። ኤስ፣ ኢ፣ አር፣ ኬ። አሥራ ሁለታችንም ደብተራችን ላይ ገለበጥነው፤ ማንም ጻፉ አላለንም። ጽፈው ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞሩና፣ እንድንረዳቸው በቀላል እንግሊዝኛ፣ ቀስ እያሉ ተናገሩ። ይህን ጥያቄ ከሁለት መቶ ለሚበልጥ ሰው አስተምሬአለሁ፣ አሉ። ሐኪም ቤት ሚዝ ነጋሽ ይሉኛል፤ እሱ አባቴ ነው። ቤተ ክርስቲያን እናታችን ይሉኛል። ሰርክአዲስ ብሎ የሚጠራኝ መክብብ ነበር፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ስሜን ከሰው አፍ አልሰማሁትም። አንዳንዴ ማታ ራሴ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፣ አሉ፣ እንዳይጠፋብኝ።

እኔ አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ግን እያለቀስኩ ወደ ኮምፒዩተሩ ሮጥኩ፤ አራት ከሃምሳ ሁለት ሆኗል። በአማርኛ ማብራራት የለም፣ በእንግሊዝኛ ለማብራራት ደግሞ ጊዜ የለም። «ላይብረሪ፣ እትዬ፣ ሌተር፣ ሩም፣ ፋይቭ ኦክሎክ፣» አልኩ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተማርኩት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጠፍቶኝ። እሳቸው ግን ከአጠገቤ ቆመው ማያ ገጹን ማንበብ ጀምረው ነበር። የሁዘይፋን ደብዳቤ ነው የሚያነቡት።  ከዚያ ጣታቸው ተነሣ።

«እዚህ ጋ ኮማ ጎድሏል፣» አሉ።

እጃቸውን ያዝኩት። ዘጠኝ ዓመት ከሰላምታ በቀር የእትዬን እጅ ነክቼ አላውቅም። «ኖ፣ እትዬ፣» አልኳቸው፣ ስማቸውን ሙሉውን ሞላሁ፣ አንድም ፊደል ሳልገድፍ፣ እና ላክሁት። አራት ከሃምሳ ሰባት። ጋሼ ፊሊሞን በሩ ላይ ሆነው ሲያጨበጭቡ አንድ ደንበኛ ከኋላቸው ገብቶ እሱም አጨበጨበ፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። እትዬ ትምህርቱን እስከ አምስት ተኩል ቀጠሉ። ኮማዋን ግን እስክንወጣ ድረስ ሲጠቅሷት ነበር።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሐሌታ ደውላ መጀመሪያ የጮኸችው ጩኸት አማርኛም እንግሊዝኛም አልነበረም።

አዲሱ ክፍል መስኮቱ ወደ መንገድ ነው። የበርበሬ ሽታ የለውም፤ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሁላችንም እንግዳ ሆንን። ጋሼ ፊሊሞን ከቫን ናይስ ድረስ መጥተው ደብተሩን ከነሲባጎው በሩ አጠገብ ሰቀሉት። በሩ ላይ ስማቸው በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ሁዘይፋ ሦስት ጊዜ ወጥቶ አይቶት ተመልሷል።

«ዛሬ ስም ጥሪልኝ፣» አሉኝ እትዬ ከመጀመራችን በፊት፤ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ያደርጋሉ፣ መልሰው ያወልቃሉ። ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። ዞር ሲሉ ከሁላችንም ስም በላይ አንድ ስም ጨመርኩበት። ስም ሲጠራ እትዬ የለም፣ ወይዘሮም የለም፤ እንደዚያ ነው ያስተማሩን። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ሁላችንን ሲጠሩ እንደሚያዩን።

«ሰርክአዲስ ነጋሽ፣» አልኩ።

ከመስኮቱ በፍጥነት ዞሩ፤ ሩቅ ቦታ ያለ ሰው የጠራቸው ነበር የሚመስለው።

«አቤት፣» አሉ፣ በአማርኛ።

ማናችንም አላረምናቸውም።